ተርሚናሉን ስዘጋው ፕሮግራሙም አብሮ ጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ዊንዶውስ የከበዳቸው አሮጌ ላፕቶፖች ሲመጡልኝ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜ እመልሳለሁ። ከወር በኋላ አንዳንዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ላፕቶፑ ተበላሽቶ አይደለም። ባለቤቱ አንድ ቪዲዮ አይቶ ሁሉን ነገር ከተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ጥቁር መስኮት፣ መክፈት ስለጀመረ ነው።

አልቃወምም። ከሜኑ ሲጫኑት እምቢ ያለ ፕሮግራም ዝም ነው የሚለው። ከተርሚናል ሲከፈት ግን ምን እንደከለከለው ይናገራል። የሚናገረውን የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው።

ተርሚናል እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደ አጠራራቸው ነው፤ ፊደሉ ለሚያሳስተው በቅንፍ አስቀምጫለሁ። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ካፒታል ካላልኩ በቀር ሁሉንም በስሞል ሌተር።

ምልክት፦ ተርሚናሉን ስዘጋው ፕሮግራሙ አብሮ ጠፋ

በብዛት የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።

ጥር ላይ ነው፣ የሰርግ ወቅት። ባነር የሚሠራ አንድ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ጠዋት «ጊምፕ» ብሎ ጽፎ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ከፍቷል። የሙሽሮቹን ፎቶ ከጀርባው ነጥሎ ሲያወጣ ውሏል። የሙሽራዋ ፀጉር ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል። ሊጨርስ ሲል ከኋላ የተከፈተች ጥቁር መስኮት አየ። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብሎ ኤክሷን ተጫነ። ጥቁሯ መስኮት ጠፋች። ጊምፕም ጠፋ። ሴቭ አላደረገም ነበር።

«ግን እኮ መጨረሻ ላይ & አድርጌበታለሁ!» አለኝ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተርሚናል ላይ የፕሮግራም ስም ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ፕሮግራሙ የባሽ ልጅ ሆኖ ይወለዳል። ባሽ ማለት ተርሚናሉ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ነው። መስኮቷን በኤክስ ስትዘጓት ባሽ «ሲግሃፕ» የሚባል መልእክት ይደርሰዋል። መስመሩ ተቋረጠ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ተርሚናል በስልክ መስመር ይገናኝ ከነበረበት ዘመን ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስልኩን ዘጋው እንደማለት። ባሽ መልእክቱን ለራሱ ብቻ አያስቀረውም። ለልጆቹ ሁሉ ያድላል፣ ከፊት ላለውም ከጀርባ ላለውም። አብዛኛው ፕሮግራም ይሄ ሲደርሰው ወዲያው ይሞታል። «ሴቭ ላድርግልህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ታዲያ & ምንድን ነው የሚሠራው? ፕሮግራሙን ወደ ጀርባ አድርጎ ተርሚናሉን ነፃ ያደርግላችኋል፣ ሌላ ትእዛዝ እንድትጽፉበት። በቃ። ከሞት አያድንም። እንዲያውም ይብሳል። ያለ & የከፈታችሁት ፕሮግራም እየሠራ መስኮቷን ልትዘጉ ስትሉ የኡቡንቱ ተርሚናል «እዚህ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ፣ ብትዘጋው ይሞታል» ብሎ ያስጠነቅቃል። & ካደረጋችሁ ግን ከፊት የሚታየው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ባሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቅ ይዘጋል። ምንም የማያውቀው ሰው ማስጠንቀቂያ ያገኛል፤ ትንሽ የሚያውቀው ባነሩን ያጣል።

አንድ ቀን ሁለት ደንበኞች ሱቄ ውስጥ በዚሁ ተከራከሩ። አንዱ «እኔ ሁልጊዜ & ነው የማደርገው፣ ጠፍቶብኝ አያውቅም» ይላል። ሌላው ይምላል፣ ይገዘታል፣ «ይጠፋል!» ሁለቱም ልክ ነበሩ። የመጀመሪያው ተርሚናሉን የሚዘጋው «ኤግዚት» ብሎ ጽፎ ነው። ሁለተኛው በኤክስ። ሴቲንጉን ካልነካካችሁት ባሽ በኤግዚት ሲወጣ ከጀርባ ላሉት ልጆቹ መልእክቱን አያድልም። በኤክስ ሲዘጋ ግን ያድላል። በኤግዚት ተማምናችሁ ግን አትቀመጡ። አንዳንዱ ፕሮግራም የሚናገርበት ተርሚናል ሲጠፋበት ቆይቶ ይወድቃል።

መፍትሄው፦ ከመነሻው ከተርሚናሉ ጋር ሳታያይዙ ክፈቱት። እኔ የምጠቀመው «ሴትሲድ» (setsid) ነው። ሴትሲድ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤፍ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም። ፕሮግራሙ የራሱን ጎጆ ይወጣል፤ ተርሚናሉ ቢዘጋ ወሬውም አይደርሰው። ኡቡንቱም ሚንትም ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው።

«ኖሃፕ» (nohup) የሚባለውም ይሠራል። ከፕሮግራሙ ስም በፊት ይጻፋል፣ መጨረሻ ላይ & ይደረጋል። አንድ ጣጣ ግን አለው። ፕሮግራሙ ተርሚናል ላይ የሚለፈልፈውን ሁሉ እናንተ ባላችሁበት ፎልደር «ኖሃፕ ነጥብ አውት» በሚል ፋይል ያስቀምጠዋል። አንድ ደንበኛዬ በየፎልደሩ ይሄን ፋይል ሲያገኝ ቫይረስ መስሎት ፍላሾቹን ሁሉ ፎርማት አድርጓል። የሁለት ዓመት ፎቶ የነበረበትንም ጨምሮ። ፋይሉን ማጥፋት ብቻ በቂ ነበር።

አስቀድማችሁ ከፍታችሁት ከሆነስ? ሥራችሁን መጀመሪያ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ተርሚናሉ ላይ ኮንትሮል ዜድ። ቀጥሎ «ቢጂ» ብላችሁ ኢንተር። ቀጥሎ «ዲስኦውን» (disown) ብላችሁ ኢንተር። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቢጂን ከዘለላችሁ ፕሮግራሙ እንደደረቀ ይቀራል። በ& የከፈታችሁት ከሆነ ዲስኦውን ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ኤክሷን ተጫኑ፣ ምንም አይሆንም።

እንዲያው ፕሮግራሙን በስሙ ጠርታችሁ መክፈት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ተርሚናል ምን ያደርግላችኋል? አልት እና ኤፍ 2 ተጫኑ፣ ስሙን ጻፉ፣ ኢንተር። የምትዘጋ ጥቁር መስኮት የለች፣ የሚጠፋ ባነር የለም።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ደረቀ፣ ወይም ድንገት ተዘጋ

መንስኤው ከወርድ የመጣ ልማድ ነው። ወርድ ላይ ኮንትሮል ዜድ የተሳሳተውን ይመልሳል፣ ኮንትሮል ሲ ኮፒ ያደርጋል። ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ዜድ ከፊት ያለውን ፕሮግራም ባለበት ያቆመዋል፣ ኮንትሮል ሲ ይገድለዋል።

አንድ መምህር ከቢቸና ደውሎ «ፋየርፎክስ ደርቋል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ተርሚናሉ ላይ ምን እንደሚል አንብብልኝ አልኩት። «ስቶፕድ» ይላል አለ። «ኤፍጂ» ብለህ ኢንተር በል አልኩት። ተነሳለት። ይሄን ከማወቁ በፊት ግን በደረቀ ቁጥር የፓወር ቁልፉን ተጭኖ እየያዘ ሲያጠፋው ከርሟል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ኮፒ ለማድረግ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ሲ ነው። «ስህተቱን በቴሌግራም ላክልኝ» ስላቸው ኮንትሮል ሲ ተጭነው ፕሮግራሙን ገድለው «አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠፋ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አሁን በስልክ ፎቶ አንሱት ነው የምለው።

ምልክት፦ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ»

የጻፋችሁትን ስም አላገኘሁትም ማለቱ ነው። መጀመሪያ የኪቦርዱን ቋንቋ እዩ። አንድ የቅኔ መምህር ደንበኛ አሉኝ። ላፕቶፓቸው ሁልጊዜ አማርኛ ላይ ነው። ፋየርፎክስ ብለው በእንግሊዝኛ ሲተይቡ የሚወጣላቸው «ፊረፎሽ» ነው፤ የኤክስ ቁልፍ በአማርኛው ኪቦርድ ሽ ናትና። ተርሚናሉ ፊረፎሽ የሚባል አላውቅም ይላል። «የኔታ፣ ቋንቋውን ይቀይሩት» ስላቸው «እኔ በአማርኛ ካልጠራሁት ለምን አይሰማም?» አሉ። ለሰምና ወርቅ ጆሮ የለውም አልኳቸው። ሳቁ። አሁንም ግን ይረሱታል።

ሁለተኛው ካፒታል ፊደል ነው። ሦስተኛው የስም ነገር፦ ሜኑ ላይ የምታዩት ስምና የፕሮግራሙ ትክክለኛ ስም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ኡቡንቱ ሜኑ ላይ «ፋይልስ» የሚለው ተርሚናል ላይ «ናውቲለስ» (nautilus) ነው። ስሙን ለማግኘት ዩኤስአር ውስጥ ሼር፣ ሼር ውስጥ አፕሊኬሽንስ የሚል ፎልደር አለ። የፕሮግራሙን ፋይል በጽሑፍ መክፈቻ ክፈቱት፣ «ኤግዜክ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር አንብቡ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለው ነው የምትጽፉት፣ በ% የሚጀምረውን ትታችሁ።

ኡቡንቱ ስም ስትሳሳቱ ተቀራራቢ ስም ፈልጎ «ይሄን መጫን ትችላለህ» ይላል። ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትጫኑ። ስም በተሳሳተ ቁጥር የቀረበለትን ሲጭን የኖረ ላፕቶፕ አይቻለሁ፤ ከሜኑው ውስጥ የራሱን ፕሮግራም መፈለግ አቅቶት ነበር።

ምልክት፦ «ፐርሚሽን ዲናይድ»

ፈቃድ የለህም ማለቱ ነው። ያወረዳችሁት ፋይል ከሆነ «ቻሞድ» (chmod)፣ ክፍተት፣ +፣ ኤክስ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ስትከፍቱት ከስሙ ፊት ነጥብና ስላሽ (./) አትርሱ። ፋይሉ ያለው ፍላሽ ላይ ከሆነ ግን ቻሞድን መቶ ጊዜ ብትጽፉት ለውጥ የለውም። ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ይህን ፈቃድ መያዝ አይችልም። ወደ ሆም ፎልደር ኮፒ አድርጉትና ከዚያ ክፈቱ።

እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግስቱ አልቆ ሱዶ የሚጨምረው። ሱዶ ትእዛዙን በሲስተሙ አለቃ፣ «ሩት» በሚባለው ስም የሚያስኬድ ነው።

ሱዶን እንደ ጨው በየወጡ አትነስንሱ። መስኮት ያለውን ፕሮግራም በሱዶ አትክፈቱ። አሁንም እላለሁ፣ አትክፈቱ። ከከፈታችሁት፣ በተለይ በቆዩት ኡቡንቱዎች ላይ፣ ሆም ፎልደር ውስጥ ያሉ የእናንተ ፋይሎች ባለቤታቸው ሩት ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ያው ፕሮግራም በተራ ስማችሁ አልከፈትም ይላል። ሲብስ ደግሞ ፓስወርድ ስታስገቡ ይቀበልና መልሶ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ማለቂያ የለውም።

መፍትሄው የሆም ፎልደራችሁን ባለቤትነት በ«ቻዎን» (chown) ወደራሳችሁ መመለስ ነው፣ ከሰረዝ ካፒታል አር ጋር። ኢንተር ከማለታችሁ በፊት የፎልደሩን አድራሻ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆሙን አድራሻ ትቶ ስላሿን ብቻ ጻፈ። የሲስተሙ ፋይል በሙሉ የእሱ ሆነ። ሱዶ ራሱ «ባለቤቴ ሩት አይደለም» ብሎ መሥራት አቆመ። ዳታውን አውጥቼ እንደ አዲስ ጫንኩለት። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ።

የሲስተም ፋይል ማስተካከል ከሆነ የፈለጋችሁት «ሱዶ ናኖ» በቂ ነው፤ ናኖ እዚያው ተርሚናሉ ውስጥ የሚሠራ የጽሑፍ ማስተካከያ ነው።

ቀሪዎቹ

ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ካለ፦ ፓይተንን፣ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን፣ ነካክታችኋል? የቆዩት ኡቡንቱዎች ላይ ተርሚናሉ የሚከፈተው በፓይተን በኩል ነው። ነባሩን ፓይተን 3 በአዲስ ስትተኩት ይሰበራል። ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 3 ተጭናችሁ በጥቁሩ ስክሪን ግቡና ወደ ነበረበት መልሱት። ተማሪዎች፣ እናንተን ነው። ካልነካካችሁ የቋንቋ ሴቲንጉን እዩ።

ፋየርፎክስ ተጭናችሁት ከዘገየ፦ ከኡቡንቱ 21.10 ጀምሮ የሚመጣው ስናፕ በሚባል አጫጫን ታሽጎ ነው፣ መጀመሪያ ሲከፈት በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይንቀራፈፋል። አሥር ጊዜ አትጫኑት።

ፋየርፎክስ «ኦልሬዲ ራኒንግ» (ቀድሞ ተከፍቷል) ካለ፦ ተርሚናሉ ላይ «ፒኪል ፋየርፎክስ» (pkill firefox) ብላችሁ ኢንተር።

«ጂቲኬ ዋርኒንግ» የሚል መዓት ከወረደ እና ፕሮግራሙ ከሠራ፦ ተዉት።

አፕኢሜጅ (ሳይጫን ከአንድ ፋይል የሚከፈት ፕሮግራም) «ፊውዝ» የለም ካለ፦ ኡቡንቱ 22.04 ላይ «ሊብፊውዝ 2»ን (libfuse2) ጫኑ። «ፊውዝ» የሚለውን አሮጌ ፓኬጅ ደርባችሁ እንዳትጭኑ፣ አዲሱን ነቅሎ ዴስክቶፑን ይዞት ሊወርድ ይችላል።

ክሮምየም «ሌላ ኮምፒውተር እየተጠቀመበት ነው» ካለ፦ የኮምፒውተሩን ስም ቀይራችኋል። ሆም ፎልደር ውስጥ ካለው የክሮምየም ፎልደር «ሲንግልተንሎክ» የምትባለዋን ፋይል አጥፏት፣ ይከፈታል።