በ55 ጡረታ ወጥቼ አገር ቤት እገባለሁ ለምትሉ (ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ዘመድ)

ለቅሶ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ጠጋ ይልና "ስንት ቢኖረኝ ነው ስራ አቁሜ አገሬ የምገባው?" ይለኛል። እኔ የፋይናንስ ሰው አይደለሁም። አሜሪካ ሀያ ምናምን ዓመት የሰራሁ፣ በ55 እገባለሁ ብዬ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አውርቼ አሁን 57 ሆኜ የማታ ሺፍት የምገባ ሰው ነኝ፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል የሚጠይቁኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቁጥሩ ብዙ አያስቸግርም። የአሜሪካኖቹ ስሌት የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ፣ ያን ያህል ካለህ በየዓመቱ 4 ፐርሰንት እያወጣህ 30 ዓመት ትኖራለህ ነው የሚለው። ግን የተሰራው በነሱ የአክሲዮን ገበያና በነሱ የዋጋ ንረት ስለሆነ ብር ላይ አይሰራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ጡረታዬ ነው ብሎ ብር ያስቀመጠ ሰው ያን ሰሞን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወጪውን በብር አስቡት፣ ቁጠባውን ግን እስክትገቡ ባላችሁበት አገር ገንዘብ አቆዩት።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግስቱ ጡረታ) ከ62 በፊት የለም፣ በ62 ከጀመራችሁት ደግሞ ከ1960 ወዲህ (በፈረንጅ) ለተወለደ ሰው በ67 ከሚያገኘው 30 ፐርሰንት ይቀነሳል። ፎር ኦ ዋን ኬ (በቀጣሪ በኩል የሚቆጠብ የጡረታ ገንዘብ) ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከተነካ በአብዛኛው 10 ፐርሰንት ቅጣት አለው፣ በ55 ዓመታችሁ ወይም ከዛ በኋላ ስራ ከለቀቃችሁ ግን የዛው ቀጣሪ አካውንት ላይ ቅጣት የለም፣ ወደ አይ አር ኤ (የግል የጡረታ አካውንት) ካዞራችሁት ይሄ ዕድል የለም። ሜዲኬር (የመንግስቱ የጤና መድን) በ65 ነው፣ እሱም አገር ቤት ለታመማችሁት በአብዛኛው አይከፍልም። ስለዚህ በ55 የሚገባ ሰው ቢያንስ ሰባት ዓመት በራሱ ገንዘብ መኖር አለበት።

እኔ ያቺን ሰባት ዓመት በቤት ኪራይ እሸፍናለሁ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

አዲስ አበባ ጂ+2 ሰራሁ። ሁለቱ ፎቅ ይከራያል፣ ምድሩ ለኔ። ያሰራው ወንድሜ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አልጎደለም። ሰው ስለ ዘመድ ሲያስጠነቅቅ የሚያወራው ስርቆት ነው፣ የኔ ስርቆት አልነበረም፣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ሌባ ይከሰሳላ። ቤቱ ሲያልቅ "ዘበኛ ከምንቀጥር ተከራይ እስኪገኝ እኔ ልግባበት" አለኝ። ጥሩ ሀሳብ ነው አልኩት፣ አመሰግናለሁም ብያለሁ። ከዛ ሚስቱ ወለደች፣ አራስ እንዴት ይነሳል። ከዛ ታላቅ እህታችን ለህክምና ከክፍለ ሀገር መጥታ ሁለተኛው ፎቅ ገባች፣ ልጆቿ እዛው ትምህርት ጀመሩ፣ ልጅ ደግሞ መሀል ዓመት ላይ ከትምህርት ቤት ይነቀላል እንዴ? ምድሩን፣ የኔን ማለት ነው፣ "ባዶውን ከሚቀመጥ" ብሎ ለጓደኛው አከራየው፣ በግማሽ ዋጋ፣ የሶስት ዓመት ውል፣ እኔን ወክሎ ፈርሞ። ብው ብዬ ጠበቃ ጋ ስደውል "የሰጠኸው እኮ ጠቅላላ ውክልና ነው፣ የፍትሐ ብሔር ህጉ 2204 ላይ እስከ ሶስት ዓመት ማከራየት የአስተዳደር ስራ ነው፣ ይችላል" አለኝ።

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ቡና ተፈላልኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ "አንተን እግዜር ሰጥቶሃል፣ ከወንድምህ ኪራይ ልትቀበል?" አሉኝ። ጡረታዬ ነው ብል ማን ይስማኝ፣ አገር ቤት ጡረታ 60 ዓመት ነው፣ ጤነኛ ሰው በ55 ስራ ላቁም ሲል ቅብጠት ነው የሚመስለው። ቆይቼ ሳስበው ግን ለወንድሜ ይሄ ቤት ደሞዜ ነው ብዬው አላውቅም። "ቤት ልስራ ነው" ነው ያልኩት፣ እሱም የገባው የቤተሰብ ቤት ነው። መሰረት ሳይቆፈር ሁሉም ባሉበት፣ በተለይ እናት አባት ባሉበት፣ ማን እንደሚኖርበትና ማን እንደማይኖርበት አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። ያስጠላል፣ ስስታም ያስብላል፣ ቢሆንም ተናገሩ።

ሰው ስትመርጡም ታማኝ ነው ወይ ብቻ አትበሉ፣ እሱ ራሱ ያ ንብረት ያስፈልገዋል ወይ በሉ። ቤት የሌለውን ወንድም ባዶ ቤት ጠብቅ ማለት ፈተና ውስጥ መክተት ነው፣ ጥፋቱ የናንተ ነው። አሁን የሚከታተልልኝ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው፣ የራሱ ቤት ያለው፣ በየወሩ እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ሁለታችንም አፍረን ነበር፣ ግን የሚከፈለው ሰው ሳይጠየቅ ደረሰኝ ይልካል፣ በነፃ የሚለፋላችሁን ዘመድ ደረሰኝ ላክ ብትሉት "አላመንከኝም ማለት ነው?" ይመጣል፣ ከዛ ወዲያ ወሬው ስለ ገንዘብ መሆኑ ይቀራል። ተከራዩ ኪራዩን በቀጥታ በስማችሁ ባለው አካውንት ያስገባ፣ የባንኩ ሜሴጅ በማን ስልክ እንደሚደርስም እዩ። ዘመድ መርዳት የፈለጋችሁትን ደግሞ ለብቻው በየወሩ ላኩ፣ ከኪራዩ ላይ "ቀንሰህ ስጣት" አትበሉ፣ የኔ ሂሳብ የጠፋው በዛች ቀንሰህ ነው።

ውክልናው ልዩ ይሁን፣ ቤቱና ስራው ተጠቅሶ። መሸጥና በዋስትና ማስያዝ በህጉ ልዩ ስልጣን ይፈልጋል፣ ግን ውክልና ጸሐፊው ከልማድ "መሸጥ መለወጥ" ብሎ ይጨምራታል፣ አንብባችሁ አስወጧት። ወረቀቱ በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል፣ ምልልሱን ታውቁታላችሁ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፣ ስለዚህ ኑዛዜም ጻፉ። የኪራይ አዋጁ (1320/2016) ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ ጭማሪም መንግስት በሚያሳውቀው ልክ ስለሆነ፣ እገባለሁ ከምትሉበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጡ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ውጭ አገር ያሉት የባንክ ሂሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር (የውጭ ሂሳብን ለአሜሪካ መንግስት ማሳወቂያ ፎርም) መሙላት ግዴታ ነው።

የምድሩ ውል አልቆ ጓደኛዬ በደህና ዋጋ አከራይቶልኛል። እህቴ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እወጣለሁ ብላለች፣ አምና ሰኔም ብላ ነበር። ወንድሜ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ደውሎ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፣ ማሰሪያ ላክ አለኝ።