የትንሽ መንደርን የነገ ፕላን ከነዋሪዎቿ ጋር እንዴት ማውጣት ይቻላል?

የተለመደው አካሄድ ይሄ ነው። ባለሙያው ባለቀለም ካርታ ይዞ ይመጣል። ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። «አስተያየት ካላችሁ» ይላል። ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲሶቹ ቤቶች ዝናብ በከበደ ቁጥር ውሃ ይገባባቸዋል። ያኔ አንድ አዛውንት «እዚያማ ድሮም ውሃ ይተኛበታል» ይላሉ። ቀድሞ ማን ጠየቃቸው?

ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የነዋሪን ተሳትፎ 8 እርከን ባለው መሰላል አስቀምጣው ነበር። የታችኞቹ ሁለት እርከኖች ጭራሽ ተሳትፎ አይባሉም። የመሃሎቹ ሦስቱ፣ ማለትም ማሳወቅ፣ አስተያየት መጠየቅና ማባበል፣ የይስሙላ ናቸው። ነዋሪው እውነተኛ ሥልጣን የሚያገኘው በላይኞቹ ሦስት ላይ ነው። ያ ባለቀለም ካርታ ከመሃሉ አያልፍም። ለማለፍ ከፈለጋችሁ ሰውን መጠየቅ ያለባችሁ ካርታው ከመሳሉ በፊት ነው።

1. ምኑ እንደሚለወጥ፣ ምኑ እንደማይለወጥ ቀድማችሁ እወቁ

ሰው የሚቀየመው «አይሆንም» ስለተባለ ብቻ አይደለም። ያለቀለትን ጉዳይ «ምን ይመስላችኋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተቀምጣችሁ ጉዳዮቹን ለዩ። የተወሰነው የትኛው ነው? ለድርድር ክፍት የሆነው የትኛው ነው? ሙሉ በሙሉ ለነዋሪው የተተወውስ? ይህንን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ አንብቡት።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ መሠረት ነዋሪዎች የራሳቸውን የአካባቢ ፕላን ማውጣት ይችላሉ። ፕላኑ ለሕዝበ ውሳኔ ይቀርባል፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካገኘ ያልፋል። ነገር ግን በአካባቢው አስተዳደር ዋና ፕላን ከተያዘው የቤት ቁጥር በታች መውረድ አይፈቀድም። ቤት የት ይሠራ፣ ምን ይምሰል የሚለው የነሱ ነው። ምንም አይሠራ ማለት ግን የነሱ አይደለም። ወሰኑ ቀድሞ ስለሚታወቅ ክርክሩ ፍሬ ባለው ነገር ላይ ይሆናል።

2. አስተባባሪዎችን ምረጡ፤ የመሬት ጥቅማቸውንም አስነግሩ

ከ7 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ወጣትም፣ ሴትም፣ ተከራይም፣ ከዳር የሚኖርም ይኑርበት። ሁልጊዜ የሚመረጡት ሰዎች ብቻ ከተመረጡ ሁልጊዜ የሚባለው ብቻ ይባላል።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘሉ። የመንደሩ ዳር ያለ መሬት ለቤት መሥሪያ ሲመደብ ዋጋው ይንራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አስተባባሪ እሱ ወይም ዘመዱ የት መሬት እንዳለው በሕዝብ ፊት ይናገር። ያ ቦታ ሲነሳ ከውይይቱ ይውጣ። ትንሽ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። በኋላ ከሚመጣው ሐሜት ግን ይሻላል።

3. ስብሰባ ከመጥራት በፊት ቤት ለቤት ሂዱ

የትንሽ መንደር ትልቁ ጥቅም ሁሉም መተዋወቁ ነው። ትልቁ ችግሩም ያው ነው። ሰው በጎረቤቱ፣ በአከራዩ ወይም ባበደረው ሰው ፊት «ይሄ መንገድ በእርስዎ ማሳ ማለፍ አለበት» አይልም። ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ተብሎ ይጻፋል።

200 ቤት ያለው መንደር ከሆነ 10 አስተባባሪዎች ሃያ ሃያ ቤት ይደርሳቸዋል። በሁለት ሳምንት ያልቃል። ሲሄዱ የቤቱን አባወራ ብቻ አነጋግረው አይመለሱ። እናትየዋም፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅም ትጠየቅ። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያ የምትኖረው እሷ ናት።

ጥያቄው ወሳኝ ነው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ካላችሁ አስፋልት፣ ሆስፒታልና ኮሌጅ ይነገራችኋል። ትክክል ናቸው፤ የጠየቃችሁት ምኞት ነውና። ይልቅ የሚያውቁትን ጠይቁ፦

- ዝናብ ሲበረታ ውሃው እስከየት ይመጣል?
- ልጆችዎ ጎጆ ቢወጡ ቤታቸውን የት ይሠራሉ?
- ከመሸ የማትሄዱበት መንገድ አለ? ለምን?
- ከዚህ መንደር ምን ቢጠፋ ያዝናሉ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሏታል። እኔ ግን በጣም እወዳታለሁ። አንድ የጥላ ዛፍ፣ አንድ የልጆች ሜዳ፣ አንድ አቋራጭ መንገድ ካርታ ላይ የምትገባው በእሷ ነው።

4. አብራችሁ ተራመዱ፣ ከዚያ ካርታውን መሬት ላይ ሥሩ

ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሂዱ። ምንጩ ጋ፣ ጎርፉ የሚወርድበት ቦይ ጋ፣ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ጋ ቁሙና ተወያዩ። በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በምርኩዝ የሚንቀሳቀስ ነዋሪ ካለ አካሄዱ በእሱ ፍጥነት ይሁን። እሱ ያቆመውን ቦታ ሁሉ መዝግቡ።

ስትመለሱ ወረቀት አታውጡ። ሰፊ መሬት ላይ በእንጨትና በድንጋይ መንደሩን ሥሩ። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ በሰፊው ያስተዋወቀው አሳታፊ የገጠር ጥናት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። እስክሪብቶ የያዘ ሰው ወረቀቱን ብቻውን ይገዛዋል። መሬት ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳል።

ቶኒ ጊብሰን የተባለ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የሰፈር ሞዴልና ካርዶች ይዞ ነበር የመጣው። ሰዎች ሳይናገሩ ካርድ ያስቀምጣሉ። አንዱ «ጤና ጣቢያ» የሚለውን ወንዙ አጠገብ ያኖራል። ሌላዋ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወደ ዳገቱ ትገፋዋለች። ያኔ አወያዩ «እዚህ ይሁን ያለው ማነው?» አይልም። «እዚህ ቢሆን ምን ችግር አለ?» ነው የሚለው። ክርክሩ ከሰው ወደ ቦታ ይዞራል። በመጨረሻም ካርዶቹን አሁን፣ ትንሽ ቆይቶ እና ወደፊት በሚል ለዩ። ከመበተናችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

5. ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ሥሩ

እዚህ ላይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ግን ቁጥሩን ለብቻው ሠርቶ አያምጣ። 200 ቤት በዓመት 2 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት ወደ 300 ይጠጋል። በ3 በመቶ ካደገ ከ360 ያልፋል። ትንሹን እንያዝ፣ 100 አዲስ ቤት። ለእያንዳንዱ 300 ካሬ ሜትር ቢሰጥ መንገዱን ሳይጨምር 3 ሄክታር ነው። ያንን 3 ሄክታር በገመድ ለክታችሁ ሜዳ ላይ አሳዩ። ሰው ቁጥር ሰምቶ የማይደነግጠውን መሬቱን አይቶ ይደነግጣል።

ውሃውም እንደዚያው። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። በቤት 5 ሰው ካለ፣ 100ው አዲስ ቤት በትንሹ 25,000 ሊትር ተጨማሪ በቀን ይፈልጋል። ምንጩ ይችላል? መጸዳጃ ጉድጓዶችስ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃሉ? ይህ ርቀት እንኳ እንደ አፈሩ ዓይነት ላይበቃ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሦስት አማራጭ አቅርቡ። በመንገዱ ዳር መዘርጋት፣ በመንደሩ ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎችን መሙላት፣ አዲስ ሰፈር መቁረጥ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቧንቧውም ሽቦውም ይረዝማል፣ ልጆችም መኪና የሚበርበትን መንገድ ሲሻገሩ ይውላሉ። አራተኛም አማራጭ አለ፤ ፕላን አለማውጣት። እሱንም ለማነጻጸር ያህል ሣሉት። እድገቱ አይቆምም፤ ቤቶቹ ማሳው ላይ እንደተገኘ ይበቅላሉ።

6. አወሳሰኑን ጠቡ ሳይመጣ ተስማሙበት

እጅ አውጡ አትበሉ። ለሦስቱ አማራጭ ሦስት የተሸፈነ ሳጥን አስቀምጡ፣ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ጠጠር ስጡ፣ ተራ በተራ ለብቻቸው ገብተው ይጣሉ። ማንበብ የማይችልም ይመርጣል፣ ማንም ማንንም አያይም። ቆጠራው ግን በአደባባይ ይሁን።

መሬቱ የሚነካበት ሰው ጉዳይ በጠጠር አይወሰንም። አንድን ቤተሰብ በድምፅ ብልጫ ማስነሳት ተሳትፎ አይባልም። ከነሱ ጋር ለብቻ፣ በሕጉ መሠረት፣ ካሳና ምትክ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ካልተቋጨ ፕላኑ ላይ «ገና ያልተቋጨ» ተብሎ ይጻፍ።

7. ለእያንዳንዱ ሐሳብ መልስ ስጡ

ሰው በሁለተኛው ጥሪ የሚቀረው በመጀመሪያው የሰጠው ሐሳብ የት እንደገባ ስላላወቀ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ምን ተባለ፣ ምን ተደረገ፣ ለምን። «ገበያው ይዛወር፤ አልተዛወረም፤ አዲሱ ቦታ ተዳፋት ስለሆነ» ይበቃል። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ለጥፉት፣ ስብሰባ ላይም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የተናጋሪውን ስም አትጻፉ።

8. ከማጽደቁ ጎን ለጎን አንዲት ትንሽ ነገር ጀምሩ

ፕላኑ እስኪጸድቅ ወራት ይፈጃል። ሰው እስከዚያ ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ካርዶቹ ላይ «አሁን» ተብሎ የተለየውንና ፈቃድ የማይጠይቀውን አንድ ሥራ ጨርሱ። የቦይ ጠረጋ ሊሆን ይችላል፣ የመንገድ መብራትም ሊሆን ይችላል።

የጸደቀው ካርታ አንድ ቅጂ በአስተዳደሩ ቢሮ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በአስተባባሪዎቹ እጅ ይቀመጥ። በየዓመቱ አንድ ቀን ወስናችሁ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ከፕላን ውጪ ምን ተገነባ ብላችሁ ገምግሙ። በ5 ዓመቱ ደግሞ የቤቶቹን ቁጥር እንደገና ቁጠሩ። እድገቱ ከገመታችሁት ከፈጠነ ሒሳቡን ከአምስተኛው ደረጃ ጀምራችሁ እንደ አዲስ ሥሩ።