በድሬዳዋ ሙቀት ባለ 60 ሊትር የኮራል አኳሪየም ማቀዝቀዝ

ከቀትር በኋላ ውሃው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ እያለፈ ኮራሎቹ (በጨዋማ የባሕር ውሃ የሚኖሩ እንስሳት) መንጣት ጀመሩ። የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ነው።

መጀመሪያ ሙቀት አፍኖ የሚይዘውን የመስታወት ክዳን አነሳሁ፤ ዓሣ ዘሎ እንዳይወጣ ስስ መረብ ተተካ። ውሃ ውስጥ የሚሠራ ፓምፕ ሙቀቱን ለውሃው ስለሚሰጥ፣ ትንሽ ዋት በሚበላ ቀየርኩት። ከዚያ ሁለት ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ማራገቢያዎች የውሃውን ገጽ እንዲመቱ ጠርዙ ላይ አሰርኩ። የድሬ አየር ደረቅ በመሆኑ ትነቱ ፈጣን ነው፤ ትነት ደግሞ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የውሃው ሙቀት 3 ዲግሪ ያህል ወረደ። ውድ የማቀዝቀዣ ማሽን አላስፈለገም።

ትነት ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ጨው አብሮ አይተንም። ከ60 ሊትር ውስጥ 2 ሊትር ተንኖ ካልተተካ ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 36 ያሻቅባል። የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ በየቀኑ፣ ጥቂት በጥቂቱ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው፣ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን በሚያስቀር ማጣሪያ) ሳይጣራ አይግባ።

መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ፓምፑም ይቆማሉ። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነውና የባትሪ አየር ፓምፕ አስቀድሞ ይዘጋጅ።