ጣርማበርን የሚችል ቸርኬ፦ ለኮርስ ብስክሌት ጠንካራ ቸርኬ አመራረጥ

የፊት ቸርኬዬ የሞተው ከጣርማበር ዋሻ ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። ጉሙ አልተነሳም፤ አስፋልቱ ርሷል። መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ መያዣው ጣቴን መታ መታ ያደርገኝ ጀመር። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ጠጠር የተሰካ መስሎኝ ዝም ብዬ ወረድኩ። ምቱ ሲብስ ግን ፈራሁ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቸርኬው ጠርዝ አንድ ስንዝር በሚያህል ቦታ ላይ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከመነዳሪው በክፍተቱ ብቅ ብሎ ይታያል። እዚያ ጋ ያለውን ገደል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ አይሱዙ ጭኖ ደብረ ሲና አደረሰኝ። ሾፌሩ ሳንቲም አልተቀበለኝም። እግዜር ይስጠው።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለው ቤቴ ስመለስ ቸርኬውን በሰጋቶ ቆርጬ ውስጡን አየሁት። ፍሬኑ የሚይዘው የጎን ግድግዳ መሐሉ ሰርጎድ ብሏል። በካሊፐር ስለካው በጣም የሳሳው ቦታ 0.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ፍሬን ያልነካው ጥግ ግን 1.5 ነበር። በፒንሳ ይዤ ስጫነው እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈ። ለካ እኔ ስንት ጊዜ በዚህ ቆርቆሮ ላይ ሕይወቴን አስይዤ ወርጃለሁ። ያ ቁራጭ እስከ ዛሬ መስኮቴ ላይ አለ። ቸርኬ ልግዛ ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳየው።

ሱቅ ስንገባ ሁላችንም ቸርኬውን በእጃችን እናነሳና "ይሄ ቀላል ነው፣ ይሄ ከባድ ነው" እንላለን። የምናስበው ስለ ዳገቱ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ቸርኬን የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ ነው። ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የፍሬኑ ጎማና ቸርኬው ይፋተጋሉ። ፍጥነቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያንን ሙቀት የሚሸከመው ቸርኬው ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከመንገዱ የሚረጨው ጭቃና አሸዋ መሐላቸው ይገባና ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን መሐል ላይ ያለ ሳህን የሚይዝ ፍሬን) ያላችሁ ከዚህ ተርፋችኋል፤ የእናንተ ቸርኬ በፍሬን አያልቅም። ጉድጓዱና ኮብልስቶኑ ግን እናንተንም አይምርም፤ ስለዚህ የቀረውን አንብቡት።

ለእኛ መንገድ የሚሆነው አሉሚኒየም ነው። የድሮ ብስክሌቶች ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ጠንካራ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ፍሬን አይዝለትም። ትይዛላችሁ፣ ይንሸራተታል። ለጠፍጣፋ ሰፈር ካልሆነ አይሆንም። ካርቦን ቀላልና የሚያምር ነው፤ ብዙ ወጣቶች ዓይናቸው እዚያ ላይ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ፍሬኑ በቀጥታ ቸርኬው ላይ የሚይዝ ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ክሮቹን ያጣበቀውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል። ከዚያ ቸርኬው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ያሰራጫል። ጉድጓድ ገብቶ ትንሽ ቢጎብጥም በጥንቃቄ ይመለሳል። የተሰነጠቀ ካርቦን ግን ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይጠግንላችኋል?

ቀጥሎ ግድግዳውን እዩ። ከጎማው ሥር ቸርኬው ላይ የተለበሰውን ላስቲክ ገልጣችሁ ወደ ውስጥ ስታዩ የራጂዎቹ (ቸርኬውን ከመሐሉ የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ጫፍ ፊት ለፊት ከታየ ቸርኬው ባለ አንድ ግድግዳ ነው። ተዉት። ጠንካራው ባለ ሁለት ግድግዳ ነው። ከላይ ጎማው የሚያርፍበት አንድ ወለል አለ፤ ከሥር ራጂው የሚታሰርበት ሌላ ወለል አለ፤ መሐላቸው ባዶ ነው። ልክ ፎቅና ምድር ቤት። የራጂው ጫፍ የሚታየው በላይኛው ወለል ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ጠልቆ ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ ትንንሽ የብረት ቀለበት የገባላቸው ደግሞ አሉ። የድሮው ማቪክ ኦፕን ፕሮ የሚባለው ቸርኬ እንደዚያ ነው። ቀለበቱ ራጂው የሚስበውን ኃይል ለማከፋፈል ይረዳል። ቀለበት የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወለሉ ወፍራም ከሆነ ይበቃል።

የራጂ ብዛት ላይ አልደራደርም። የውድድር ቸርኬዎች 20 እና 24 ራጂ ይዘው ይመጣሉ። ከነዚያ አንዱ ራጂ ሲበጠስ ቸርኬው ወዲያው ይጣመምና ፍሬኑን መንካት ይጀምራል፤ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። 32 ላይ አንድ ቢበጠስ ግን የፍሬኑን መያዣ ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ቤት ትገባላችሁ። እኔ ሸኖ አካባቢ ተበጥሶብኝ ደብረ ብርሃን ድረስ በዚያው ገብቻለሁ። ስለዚህ ለኋላ 32። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው የኋላው ነው። ለፊት ቀለል ያለ ሰው 28 ቢያደርግ አይጎዳም። ከ90 ኪሎ በላይ የሆነ ወይም ዕቃ የሚጭን ሰው ለኋላ 36 ይፈልግ። ሞዞው (ራጂዎቹ የሚሰኩበት የእግሩ መሐል) ላይ ያለው ቀዳዳና ቸርኬው ላይ ያለው ቀዳዳ ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት። ሞዞውን ሳትቆጥሩ ከቤት አትውጡ።

ራጂው ራሱም ሱቅ የሚገኝ ዓይነት ይሁን። ጫፉ የተቆለመመው፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የማይዝገው ራጂ። የፋብሪካ ቸርኬዎች አንዳንዶቹ የራሳቸው ልዩ ራጂ አላቸው። አንዱ ሲበጠስ ሙሉው እግር መጣል ይሆናል። ራጂውን የምታጠብቁበት ትንሿ ዳዶ ደግሞ የናስ ትሁን። የአሉሚኒየሟ ቶሎ ትነክሳለች፤ ጭቃና እርጥበት ሲያገኛት ለመፍታት ስትሞክሩ ጠርዟ ይፈጫል።

ልኩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን አንድ ቁጥር ያዙ፦ 622። ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ጎን ላይ 25-622 ወይም 28-622 የሚል ጽሑፍ አለ፤ የፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው። 700 የምንለው እሱ ነው። ባለ 27 የሚባለው የድሮው ልክ 630 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን ያሳስታል፤ ጎማው ግን አይገባም። የውስጥ ስፋቱ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን 25ም 28ም ጎማ ደህና አድርጎ ይይዛል። ሹካችሁ ከቻለ 28 ግጠሙ። ቸርኬን ከጉድጓድ የሚያድነው አየሩ ነው፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ብዙ አየር ይይዛል። በአሁኑ ጊዜ የውስጥ ጠርዙ ላይ መንጠቆ የሌለው ቸርኬም መጥቷል። እሱ ለራሱ የተሠራ ጎማ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከ5 ባር በላይ አየርም አይፈቀድለትም። ያገኘነውን ጎማ ለምንጠቀም ሰዎች አይሆንም።

የመንፊያዋንም ቀዳዳ ተመልከቱ። ለቀጭኑ ቫልቭ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመኪናው ዓይነት 8.5። ጎሚስታ ቤት ያለው መንፊያ ለመኪናው ዓይነት ቫልቭ የሚሆን ነው። አንዳንዱ ቀዳዳውን በድሪል ያሰፋዋል። ቀጭን ቸርኬ ላይ ይህን አታድርጉ፤ ያዳክመዋል። ቀጭኑ ቫልቭ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የናስ አስማሚ አለች፤ እሷን ኪሳችሁ ያዙ። ጎሚስታው ሲነፋላችሁም አጠገቡ ቁሙ። የጭነት መኪና መጭመቂያ ነው፤ የኮርስ ጎማ በሰከንዶች ሞልቶ ያልፋል። ከመጠን ያለፈ አየር የሳሳ የቸርኬ ግድግዳን ገፍቶ ይገነጥላል።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። እኔም ያ ሐምሌ ላይ የሞተውን ቸርኬ የገዛሁት ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ እንደ አዲስ እያበራ ነው። ሻጩ "አልተነካም" አለኝ። አመንኩት። ማየት የነበረብኝን አላየሁም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የብረት ማስመሪያ ይዤ እሄዳለሁ። ማስመሪያውን ፍሬን በሚይዝበት ጎን ላይ በቁሙ አስደግፌ ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን በግልጽ ካሾለከ ግድግዳው ተበልቷል፤ ይቅርብኝ። ከዚያ አውራ ጣቴን በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች እሳብበታለሁ። አዲስ ከሆነ ጠፍጣፋ ነው። ያለቀ ከሆነ ጣቴ ወደ ጎድጓዳው ገባ ብሎ ጠርዙ ላይ ይነሳል። ብዙ ቸርኬዎች ጎናቸው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ወይም አንዲት ትንሽ ነጥብ አላቸው። መለኪያ ናቸው። መስመሩ ከጠፋ ዕድሜው አልቋል። በካሊፐር ግድግዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ከወረደ እኔ አልገዛም።

ከዚያ የራጂ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ፣ በፀሐይ። ከቀዳዳው የምትነሳ ፀጉር የመሰለች መስመር ካለች ስንጥቅ ናት። ጥፍር ይዛታል። ብዙ ጊዜ የምትገኘው የኋላው ላይ፣ በጥርሱ (ሰንሰለቱ በሚዞርበት) በኩል ነው፤ እዚያ ራጂው ይበልጥ ስለሚወጠር። መጋጠሚያውንም ዳስሱ፤ ከቫልቩ ቀዳዳ ትይዩ ነው። ጣት የሚያደናቅፍ እርከን ካለው ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ይመታል። ብቻውን የሆነ ቸርኬ ከሆነ የሱቁ መስታወት ላይ አጋድሙት። በአንድ በኩል ስትጫኑት በሌላው ከተነሳ ጠማማ ነው። ጠማማን በራጂ ጎትቶ ማቅናት ይቻላል፤ ግን ራጂዎቹ እኩል ስለማይወጠሩ መበጠሳቸው አይቀርም።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ልኩን በጽሑፍ ላኩለት። የአክስቴ ልጅ አንዴ ለፋሲካ ሲመጣ በሻንጣው ጥሩ ቸርኬ ይዞልኝ መጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስገልጠው ጎኑ እስከ ጠርዙ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ፍሬን የሚይዝበት የተላገ ቦታ የለውም። ለዲስክ ፍሬን የተሠራ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ "ጥሩ ቸርኬ" ብቻ ነው ያልኩት። አሁን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ "አሉሚኒየም፣ ባለ ሁለት ግድግዳ፣ 622፣ 32 ቀዳዳ፣ ቸርኬው ላይ ለሚይዝ ፍሬን፣ ቀጭን ቫልቭ።" ማቪክም ይሁን ዲቲ ስዊስ ወይም ሌላ፣ ይህን ካሟላ ይበቃኛል።

ሞዞውና ራጂዎቹ ደህና ከሆኑ ቸርኬውን ብቻ መቀየር ይቻላል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር የውስጥ ልኩ (የራጂዎቹ ጫፍ የሚያርፍበት ዲያሜትር) አንድ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን በፕላስተር እሰሯቸው፤ ቫልቭ ከቫልቭ ትይዩ ይሁን። ከዚያ ራጂዎቹን አንድ በአንድ እየፈታችሁ ወደ አዲሱ አሻግሩ። እኔ የመጀመሪያዬን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ተሠርቶ ሲያልቅ ራጂዎቹን በጥፍራችሁ ምቷቸው፤ እንደ ክራር ክር። በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ "ዱም" ካለ ላልቷል። የኋላው ላይ የጥርሱ ጎን ከግራው ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እሱ ትክክል ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ጣርማበር አታድርጉት። ከደብረ ብርሃን ጫጫ ድረስ ሂዱና ተመለሱ፣ ሁለት ሦስት ቀን። አዲስ ራጂ ቦታውን እየያዘ ሲሄድ ይላላል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በፊት እንደገና ይጠበቅ። ከዚያ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ፍሬኑን ሳትለቁ አትጎትቱ። ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ፤ በልቀቱ መሐል ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ግዙና አረፍ በሉ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉት፤ ሙቀቱ ሳትነኩት ይሰማችኋል። ቆሎው እስኪያልቅ ይቀዘቅዛል። እስከዚያ የፍሬኑን ጎማዎች ፊታቸውን እዩ። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍንካች ተሰክቶ ካገኛችሁ በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ነቅላችሁ ጣሉት። ከእሱ ጋር ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ ቸርኬውን ዙሪያውን ይቧጥጠዋል።