የድሮን ቪዲዮ ቆረጥ ቆረጥ ሲል

በጠራራ ፀሐይ የቀረጻችሁት የድሮን ቪዲዮ ቆረጥ ቆረጥ ካለባችሁ፣ ጥፋቱ የድሮኑ ላይሆን ይችላል። ካሜራው አውቶ ላይ ሲሆን፣ ብርሃን ሲበዛበት የሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ፍጥነት በጣም ይጨምራል። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) ድርቅ ብሎ ይወጣል፤ እንቅስቃሴው አይለሰልስም። ስለዚህ ካሜራውን ማንዋል ላይ፣ ማለትም በእጅ የሚስተካከል አድርጉት። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ ሸተሩ 1/60 ሴኮንድ፣ 25 ከሆነ 1/50 ይሁን። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ይቆይ።

ምስሉ ነጭ ሆኖ ከጠፋ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ያስፈልጋችኋል። ኤንዲ 16 የሚባለው ከብርሃኑ 1/16ኛውን ብቻ ያሳልፋል፤ ለፀሐያማ ቀን እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ድሮኑ ጠፍቶ ሳለ ግጠሙት፤ ጂምባሉ (ካሜራውን እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ክፍል) ስስ ነው፣ በርቶ ባትነኩት ይሻላል።

ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ በፋይል መልክ ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።