እያደገ ሲሄድ ለመቀየር የማያስቸግር የፕሮግራሚንግ ኤንቫይሮመንት እንዴት እንደሚሰራ

ለቲማችሁ ወይ ለተማሪዎች የሚሆን ኮድ ኤዲተር ለመስራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ቨርዥን ብዙም አያስቸግርም፣ ችግሩ የሚመጣው ከሶስት አራት አመት በኋላ ይሄን ቋንቋ ጨምሩልን፣ ያንን ቀይሩልን ሲባል አንዱን ስትነኩ ሌላው መበላሸት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ከመነሻው እንደሚቀየር አውቃችሁ ስሩት።

መጀመሪያ ኮሩን (የኤዲተሩን ዋና ክፍል) ትንሽ አድርጉት። ጂኤንዩ ኢማክስ የሚባለው ኮድ ኤዲተር ከ1985 እ.ኤ.አ ጀምሮ እስከዛሬ እየተሰራበት ነው፣ በሲ ቋንቋ የተፃፈው ክፍል ሊስፕ የሚባለውን ቋንቋ የሚያስኬደው ኢንተርፕሪተርና መሰረታዊ ነገሮች ናቸው፣ ሌላው አብዛኛው በራሱ በኢማክስ ሊስፕ ስለተፃፈ ተጠቃሚው ኤዲተሩን ሳይዘጋ አንድ ፈንክሽን እንደገና ፅፎ እዛው መቀየር ይችላል። እናንተም ፊቸር ስትጨምሩ በፕለጊን (ኤዲተሩ ላይ ለብቻው በሚጨመር ፕሮግራም) ይሰራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለ ኮሩ ውስጥ አታስገቡት። የራሳችሁን ፊቸሮችም ለሌላው ሰው በሰጣችሁት ኤፒአይ (ፕለጊኖች ኤዲተሩን በሚጠሩበት መንገድ) ስሩ፣ ኤፒአዩ የሚጎድለው ነገር ቶሎ የሚታያችሁ ያኔ ነው።

ቀጥሎ ፕለጊኖች የት ድረስ መግባት እንደሚችሉ ወስኑ። ኢማክስ ሁሉንም ክፍት አድርጎታል፣ የማይክሮሶፍቱ ኤዲተር ቪኤስ ኮድ ደግሞ ኤክስቴንሽኖችን (ፕለጊኖቹን) ለብቻው በሆነ ፕሮሰስ ነው የሚያስኬዳቸው፣ የዋናውን መስኮት ዶም (መስኮቱ ላይ የሚታየው ነገር የተዋቀረበትን) በቀጥታ እንዲነኩም አይፈቅድም። እኔ ለአዲስ ፕሮጀክት ሁለተኛውን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ፕለጊኖች የውስጥ ኮዳችሁን አንዴ ከተደገፉ በኋላ እሱን መቀየር ማለት የሰዎችን ስራ ማፍረስ ነው፣ ሰው ደግሞ በዚህ በጣም ይከፋል፣ ልክም ነው።

የቋንቋ እውቀቱን ከኤዲተሩ ለዩት። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ኩባንያዎች ጋር በ2016 እ.ኤ.አ ያስተዋወቀው ላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል ለዚህ የመጣ ነው፣ ኤዲተሩ ከቋንቋው ሰርቨር (ቋንቋውን ከሚያውቀው ለብቻው ከሚሰራ ፕሮግራም) ጋር ጄሰን በሚባል የፅሁፍ ፎርማት መልእክት ያወራል፣ በቃ። 5 ኤዲተርና 10 ቋንቋ ቢኖር ሁሉንም ለየብቻ ለማገናኘት 50 ስራ ነበር፣ አሁን 15 ይበቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ መጀመሪያ ምን ምን መስራት እንደሚችሉ ይነጋገራሉ፣ ስለዚህ አሮጌ ሰርቨር ከአዲስ ኤዲተር ጋርም ይሰራል። ይሄን ነገር ከቻላችሁ በራሳችሁ ኤፒአይ ላይም አድርጉት።

ሴቲንግ ፋይሎች ላይ የቨርዥን ቁጥር አስገቡ፣ የማታውቁትን ፊልድ ስታገኙ ደግሞ አታጥፉት፣ እንዳለ መልሳችሁ ሴቭ አድርጉት።

ስም መቀየር ካለባችሁ የድሮውን ቶሎ አትሰርዙ። ኢማክስ ውስጥ አሮጌው የፈንክሽን ስም ወደ አዲሱ እየመራ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚያሳይበት መንገድ አለ። አዲስ ኤፒአይ ሲሆን ግን ተቃራኒውን አድርጉ፣ ቪኤስ ኮድ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ለሙከራ አውጡት፣ ሰው ከሞከረው በኋላ ይፅና።

በመጨረሻ ሌሎች ሰዎች ከፃፏቸው ፕለጊኖች የተወሰኑትን ከነአሮጌ ቨርዥናቸው አስቀምጡና ሪሊዝ ከመደረጉ በፊት ሁሌ በአውቶማቲክ ቴስት አስኪዷቸው፣ አንዱ እንኳን ከተበላሸ ሪሊዙን አቁሙት።