የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ራሱን ሳያጋልጥ ከኦንላይን የጤና ቡድኖች ድጋፍ የሚያገኘው እንዴት ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን አባባሉ በሽታው ለማን እንደሚነገር አይነግረንም፤ ዛሬ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ ይኸው ሆኗል። አንዲት እናት የልጇን የምርመራ ውጤት ተቀብላ ገና የሆስፒታሉን ደረጃ ወርዳ ሳትጨርስ ስልኳን አውጥታ የበሽታውን ስም ትፈልጋለች። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ቡድን ውስጥ ገብታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ የልጇን ታሪክ መጻፍ ጀምራለች። እዚያ የሚቀበላት ሰው ሸክሟን ሊያቀልላት ይችላል። ሊጎዳትም ይችላል።

እኔ እናቴ በኩላሊት እጥበት ላይ ሳለች ለአራት ዓመታት አስታምሜያታለሁ። በእነዚያ ዓመታት ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው አስታማሚዎች ያገኘሁት ብርታት ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። ስለዚህ ዓላማዬ ማንንም ከእነዚህ ቡድኖች ማስፈራራት አይደለም። ወደዚያ ይዛችሁ የምትገቡትንና ከዚያ ይዛችሁ የምትወጡትን እንድትለዩ ነው።

በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ

የበሽታው ባለቤት የታመመው ሰው ነው። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እጥበት በጀመረች በሁለተኛው ወር ገደማ ለእጥበቱ የተዘጋጀላት የእናቴ የደም ሥር አብጦ ነበርና፣ እጇን ፎቶ አንስቼ ሌሎች ምን እንደሚሉ ለማወቅ ወደ ቡድኑ ላክሁት። አልነገርኳትም። ከሳምንት በኋላ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ደውላ «እጅሽ እንዴት ሆነልሽ?» አለቻት። እናቴ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ እጁ እኮ የእኔ ነው። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ስለዚህ አንድ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት የታመመውን ሰው ፈቃድ ጠይቁ፤ ስለ ምን መጻፍ እንደሚቻልና ስለ ምን ፈጽሞ እንደማይቻልም ከእርሱ ስሙ። በቤተሰቡ ውስጥ የሚጽፈው ማን እንደሆነም ወስኑ። ሦስት ሰው በሦስት ቡድን ውስጥ የየራሱን ሲጽፍ፣ አንዱ የደበቀውን ሌላው ይገልጠዋል።

ታማሚው ሕፃን ሲሆን ፈቃዱን በወጉ መጠየቅ አይቻልም፤ ጥንቃቄው ግን የበለጠ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 ለልጆች የግል ሕይወት ጥበቃ ሰጥቷል። ዛሬ አራት ዓመት የሆነው ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ምን እንደሚያገኝ አስቡ። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ ሲጠየቅ መልስ አለው። ጠይቁት።

የምትፈልጉትን ለዩ

አንዳንዱ የሚፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ነው። አንዳንዱ ስለ በሽታው ማወቅ ይፈልጋል። ሌላው የሚፈልገው የዕለት ተዕለት ብልሃት ነው፤ መራራ መድኃኒት ለሕፃን እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ እንዴት እንደሚታደር፣ ለታናሽ ወንድሙ ምን ተብሎ እንደሚነገር። እንደ እኔ ፍርድ ቡድኖቹ ከምንም በላይ የሚረዱት በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ይህን ሐኪሙ ላያውቀው ይችላል፣ ሌሊቱን የነቃ ወላጅ ግን ያውቀዋል።

በሽታው ብርቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማት ማይት የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት፣ ልጁ ኤንጂሊ-1 በሚባል ዘረመል ላይ በደረሰ ጉድለት የሚመጣ እጅግ ብርቅ በሽታ እንዳለበት ሲነገረው፣ ታሪኩን በኢንተርኔት ጻፈ። ሌሎች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ምልክቶች በጽሑፉ ውስጥ አይተው ተገናኙ፤ ከተመራማሪዎችም ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ። እርሱ ይህን ያደረገው የሚጽፈው ለምን እንደሆነ አውቆ ነው። ዓላማ ሲኖር ምን ያህል መገለጥ እንደሚገባ መመዘን ይቻላል።

ከመጻፋችሁ በፊት ቡድኑን አጥኑ

ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብላችሁ አንብቡ። አስተዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው? ደንብ አለ? መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ይወገዳል? አዲስ የገባች የደነገጠች እናት ስትጽፍ ምን ዓይነት መልስ ይደርሳታል? ጥሩ ቡድን ውስጥ «አይዞሽ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ይህን ለሐኪምሽ ተናገሪ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ ግን የማይስማማ ሰው ምን እንደሚደርስበት ተመልከቱ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። «ተአምረኛው ማዕድን» በሚል ስም የሚሸጥ ፈሳሽ አለ፤ እንደ መመሪያው ሲዘጋጅ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የተባለ፣ ለማንጻት የሚያገለግል ኃይለኛ ኬሚካል ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳይጠጣ አስጠንቅቋል፤ በ2019ም ደግሞ አስጠንቅቋል። ይህም ሆኖ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች በዝግ ቡድኖች ውስጥ እንደ መድኃኒት ሲቀርብ ቆይቷል። ልጁ ሲያስታውክና ሲያስቀምጠው ሻጮቹ «መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው» ይሉ ነበር። ልጁን የሚወድ፣ የደከመው፣ ሁሉን ሞክሮ የጨረሰ ወላጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ለዚህም ነው አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፤ ጉዳት እንደ ፈውስ ምልክት ከሚተረጎምበት፣ የሚጠይቅ ሰው ከሚባረርበት ቡድን ዕለቱኑ ውጡ።

የምትገልጡትን መጥኑ

«ዝግ ቡድን» ማለት የተቆለፈ ክፍል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፔሸንትስላይክሚ በተባለው የታማሚዎች መድረክ ላይ ሰዎች ስለ ስሜታቸው የጻፉትን አንድ የገበያ ጥናት ኩባንያ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሰበስብ ተደርሶበታል። በ2018 ደግሞ በፌስቡክ ዝግ የጤና ቡድኖች ውስጥ ያሉ አባላትን ስም ዝርዝር ከውጭ መውሰድ ይቻል እንደነበር ታወቀ፤ ክፍተቱን ያስተዋሉት በዘር የሚተላለፍ የጡት ካንሰር ሥጋት ያለባቸው ሴቶች ቡድን አባላት ነበሩ። ክፍተቱ በኋላ ተዘግቷል። ለማንኛውም ማንኛውም አባል የጻፋችሁትን በስክሪንሾት ሊያስቀረው ይችላል።

ቅንብሩን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ አይወስድም። ለጤና ቡድኖች ብቻ የሚሆን የኢሜይል አድራሻ ክፈቱ። በቴሌግራም ስልክ ቁጥራችሁ ለማንም እንዳይታይ አድርጉ፤ በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ግን ቁጥራችሁን አባላቱ ሊያዩት እንደሚችሉ አስቡ። ፎቶ የምትልኩ ከሆነ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ስለሚችል የካሜራውን የቦታ መለያ አጥፉ። በእጅ አንጓ ላይ የታሰረውን የሆስፒታል መለያ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ራስጌ ያለውን የካርድ ቁጥርም ከመላካችሁ በፊት ሸፍኑ።

ጽሑፉን እንዴት መመጠን እንደሚቻል በምሳሌ ላሳይ። ብዙ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን የሚጽፈው የልጁን ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሆስፒታሉንና የሐኪሙን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን ከፎቶ ጋር ነው፤ በመጨረሻም «እባካችሁ ምን ላድርግ?» ይላል። ያው ጭንቀት እንዲህ ቢጻፍስ?

«የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። የሚጥል ሕመም መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በጣም ትነጫነጫለች። ይህ የገጠመው ወላጅ አለ? ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ? ቀጠሯችን ሐሙስ ነው።»

ልጅቷ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አትታወቅም፤ ችግሯ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንጭንጭ የአንዳንድ የሚጥል ሕመም መድኃኒቶች የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሆነ ልምድ ያለው ወላጅ መልስ አያጣም። ከመልሶቹ አንዱ «መድኃኒቱን አቁሚው» የሚል ቢሆን ግን አትስሙት። የሚጥል ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ምክሩን ወደ ጥያቄ ለውጡት

እናቴን ሌሊት ሌሊት ሰውነቷን እያሳከካት እንቅልፍ አጥታ ነበር። እኛ የቆዳ ነገር መስሎን ቅባት ስንቀያይር ከረምን። ቡድኑ ውስጥ ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴት «ፎስፈረሱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው እጥበት ሐኪሙን ጠየቅነው፤ የደሟ ፎስፈረስ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሕክምናው ተስተካከለ። ያቺ ሴት መድኃኒት አላዘዘችም። ጥያቄ አቀበለችን።

በዚያው ወር ሌላ አባል ጨው ለተከለከሉ ታማሚዎች «የጨው ምትክ» መጠቀምን መከረ። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ብዙዎቹ የጨው ምትኮች የሚሠሩት ከፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ፖታሲየሙን ማስወጣት ስለማይችል ልብ እስከማቆም ሊያደርሰው ይችላል። ሁለቱም ምክሮች በአንድ ዓይነት ደግነት፣ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ነበር የተጻፉት። ደግነቱን አይቶ መለየት አይቻልም።

ቁጥሮች ሲሆኑ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ 250 ሚሊ ግራም የያዘም አለ። «ለልጄ 10 ሚሊ ሰጠሁት፣ ወዲያው በረደለት» ያለችው እናት የትኛው ጠርሙስ እንዳላት አትነግራችሁም፤ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። የልጅ መድኃኒት የሚለካውም በክብደቱ ነው። የደም ስኳርም እንዲሁ በሁለት ዓይነት መለኪያ ይነገራል፤ በአንዱ 7 የተባለው በሌላው 126 ነው። የሌላውን ሰው ቁጥር ከራሳችሁ ቁጥር ጋር ከማስተያየታችሁ በፊት መለኪያውን አረጋግጡ፤ መጠን ግን ከቡድን ፈጽሞ አትውሰዱ። ለሳል ማር ይመከራል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም በሚባለው መመረዝ ምክንያት ማር አይቀምስም።

«ብዙ ሰው ተሽሎታል» የሚለውም መለኪያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ትንሽ ጥናት፣ ሊቲየም የተባለ መድኃኒት ጡንቻን የሚያዝለውን ኤኤልኤስ የተባለ በሽታ ያዘገያል አለ። የፔሸንትስላይክሚ አባላት ራሳቸው መድኃኒቱን እየወሰዱ ለውጡን መዘገቡ። በ2011 ውጤቱ ተጠናቅሮ ሲወጣ ሊቲየሙ በሽታውን አላዘገየውም። ሰዎቹ በቅንነት ተስፋ አድርገው ነበር፤ እውነቱን ያወጣው ግን በጥንቃቄ የተያዘው መዝገብና ተመሳሳይ ታማሚዎችን ማነጻጸሩ ነው። ይህን ጨምሩበት፤ የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ቡድኑን ትቶ ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ የሚቆየውና የሚጽፈው የከበደበት ነው። ስለዚህ እዚያ የምታነቡት የበሽታውን ሙሉ መልክ አይደለም።

እነዚህን ደግሞ ለቡድን አትጻፉ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ከአምስት ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ፣ ሦስት ወር ባልሞላው ሕፃን ላይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ።

በውስጥ መስመር የሚመጡትን እወቁ

በጻፋችሁ ማግሥት «ለልጅሽ መፍትሔ አለኝ፣ እዚህ መጻፍ አልችልም» የሚል መልዕክት ይመጣል። አደባባይ ላይ የማይነገር መድኃኒት ለምን እንደማይነገር ጠይቁ። መልሱ ገንዘብ ከሆነ መልዕክቱን ለአስተዳዳሪው አሳዩ።

ሕመም ሳይኖርበት ወይም ሳይኖርባት ታማሚ መስሎ የሚጽፍም አለ። ሐኪሞች ሳይታመሙ ታማሚ መስሎ መቅረብን ሙንቻውዘን ይሉታል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማርክ ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህኛው «የኢንተርኔት ሙንቻውዘን» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ታሪኩ ቀውስ በቀውስ ይሆናል፣ ሰው ትኩረቱን ወደ ሌላ ሲያዞር አዲስ አደጋ ይመጣል፣ ተአምራዊ መዳንም ይከተላል። ብትጠረጥሩ አደባባይ ላይ አትክሰሱ፤ ምናልባት ተሳስታችሁ እውነተኛ ታማሚ ታቆስላላችሁ። ገንዘብ አትላኩ፣ ለአስተዳዳሪው በእርጋታ ተናገሩ፣ ራሳችሁን አርቁ።

የምትጽፉትን ለታማሚው አንብቡለት

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሌሎችን ሞት እያነበባችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ቡድኑን ለጥቂት ቀናት ዝጉት። ማሳወቂያውን አጥፍታችሁ በቀን አንድ ጊዜ፣ በብርሃን ብቻ መግባት ይቻላል።

ከዚያ የፎቶ ነገር በኋላ ወደ ቡድኑ የምልከውን ሁሉ አስቀድሜ ለእናቴ አነብላት ጀመር። አንዳንዴ «ይህን ተወው» ትላለች። አንዳንዴ እኔ ያላሰብኩትን ትጨምራለች። አንድ ቀን «እናቴ ደካማ ናት» ብዬ የጻፍኩትን ሳነብላት በእጇ አስቆመችኝና «ደካማ ናት አትበል» አለችኝ። «ዛሬ ደክሟታል በል።» አስተካክዬ ላክሁት።